በአንበሳና በአቦ ሸማኔ መጠለያ በበጎ ፈቃድ ሲያገለግሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንበሳን፣ ነብርን ወይም አቦ ሸማኔን ለመንከባከብ ከአገሩ ርቆ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ የያዘው ምኞት አንድ ነው፤ ወደ እንስሳው መቅረብ። ምኞቱ ከፍቅር የመነጨ ነውና ክፉ ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ በናሚቢያ በሚገኝ አንድ መጠለያ ለሦስት ወራት ባገለገልሁበት ጊዜ ያስተዋልሁት፣ ከዚያ ወዲህም ለመሄድ ያሰቡ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ ሳልሰለች የምነግራቸው ነገር፣ በዚህ ሥራ ላይ የሚፈጸሙት ከባድ ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወለዱት ከዚሁ የመቅረብ ምኞት መሆኑን ነው። በእውነተኛ መጠለያ ውስጥ እንክብካቤ የሚገለጸው በመቀርቀሪያ፣ በሚዛን፣ በቢላዋ፣ በመጥረጊያና በማስታወሻ ደብተር ነው። የበጎ ፈቃደኛ እጅ እንስሳውን የሚነካበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ ቢኖርም እንስሳው በሐኪም መድኃኒት ተኝቶ ሳለ ነው። ስህተቶቹን አንድ በአንድ እገልጻቸዋለሁ፤ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደቦል የሚያስታቅፍ ቦታ መምረጥ

ከሁሉም የሚከፋው፣ ሰፋ አድርጌም ላስረዳው የምፈልገው ስህተት የሚፈጸመው ገና ከቤት ሳይወጡ፣ የሚሄዱበትን ቦታ ሲመርጡ ነው። ብዙ ማስታወቂያዎች የአንበሳ ደቦል በጡጦ የምታጠባ ወጣት ፎቶግራፍ ያሳያሉ፤ ከሥሩም ወላጅ አልባ ደቦሎችን እንድናሳድግና አድገው ወደ ዱር ሲመለሱ የእኛም ድርሻ እንዲኖርበት የሚጋብዝ ጽሑፍ ይነበባል። ፎቶግራፉ አንጀት ይበላል። ነገር ግን በዱር ያለች እናት አንበሳ ልጆቿን ጥላ የምትሞትበትና እነሱም በሰው እጅ በሕይወት የሚገቡበት አጋጣሚ ያን ያህል ብዙ ስላልሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ አዳዲስ ደቦሎች የማይታጡበት ቦታ እነዚህን ሁሉ ከየት እንደሚያመጣቸው መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ የሚገኘው በአንበሳዋ ተፈጥሮ ውስጥ ነው። አንበሳ የምታረግዘው ለ110 ቀናት ያህል ነው። በዱር የምትኖር እናት ልጆቿን ሁለት ዓመት ገደማ እስኪሞላቸው ይዛ ስለምትቆይ በዚያ ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አትወልድም። ደቦሎቿ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተወሰዱባት ግን ብዙም ሳትቆይ እንደገና ለስሪያ ትዘጋጃለች፤ ስለዚህ ለንግድ የሚያረቡ ሰዎች ደቦሎቹን ቶሎ በመንጠቅ አንዲቱን እናት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያስወልዷት ይችላሉ። እንዲህ ያለው ደቦል በጡጦ የሚያድገው እናቱ ሞታ ሳይሆን ከአጥሩ ማዶ እየጮኸችለት ነው። ስድስት ወር ገደማ እስኪሆነው ድረስ ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች ያቅፉታል፤ ጥርሱና ጥፍሩ ማስጋት ሲጀምር ደግሞ ጎብኚዎች ጎን ለጎኑ በእግር እንዲሄዱ ይደረጋል፤ ሲጎለምስ ግን ለዚህም ስለማይሆን ለባለቤቱ ሸክም ይሆናል። የዚህ ሸክም ማራገፊያ በደቡብ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ የቆየው እንስሳውን በአጥር ውስጥ ለሚያድኑ ባለገንዘቦች መሸጥ ወይም አጥንቱን ለባህላዊ መድኃኒት ወደሚፈልጉት የእስያ ገበያዎች መላክ ነው።

በደቡብ አፍሪካ በግል እርባታ የተያዙት አንበሶች ቁጥር 8 ሺህ ገደማ እንደሚደርስ የሚገመት ሲሆን፣ ይህም በአገሪቱ ዱር ከሚኖሩት በእጅጉ ይበልጣል። በወቅቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ባርባራ ክሪሲ በሜይ 2021 የባለሙያዎች ቡድን ያቀረበውን ምክረ ሐሳብ ይፋ ሲያደርጉ፣ አንበሶችን በአጥር ውስጥ ማራባትና ሰዎችን ከእነርሱ ጋር ማነካካት እንዲቆም መንግሥታቸው እንደሚሠራ ገልጸዋል። በአሜሪካም በዲሴምበር 2022 የጸደቀ ሕግ ሕዝቡ ከእነዚህ አራዊትና ከደቦሎቻቸው ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ ከልክሏል። ሕግ ወጣ ማለት ግን ማስታወቂያው ጠፋ ማለት አይደለም። በእኔ እምነት የዚህ ንግድ ዋነኛ ጉዳት የሚደርሰው በንጹሕ ልብ በመጡ ወጣቶች አማካይነት ነው፤ ለሌላው ክፍያ የሚፈጽመው አዳኙ ቢሆንም የደቦሉን የመጀመሪያ ወራት ወጪ የሚሸፍኑት፣ ሌሊት ተነሥተው የሚያጠቡትም እነርሱ ናቸውና።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ ይጠይቁ። እናቲቱ የት ናት? ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ በጡጦ ያደጉት ደቦሎች ዛሬ የት ይገኛሉ፣ በየስማቸው ሊነግሩኝስ ይችላሉ? እንስሳቱን ታራባላችሁ? ትሸጣላችሁ ወይስ ታከራያላችሁ? በጎ ፈቃደኛ እንስሳው ባለበት ወደ አጥሩ ይገባል? እውነተኛ መጠለያ ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ አለው፤ አያራባም፣ አይሸጥም፣ ሰው እንዲዳስስ አይፈቅድም፣ የተቀበለውንም እንስሳ እስከ ዕለተ ሞቱ ይጦራል። በ2007 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የእንስሳት መጠለያዎች ፌዴሬሽን ዕውቅና የሚሰጠውም እነዚህን የመሳሰሉ መመዘኛዎችን እያየ ነው። ዕውቅናው የሌለው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። የመጠለያው ኃላፊ «ደቦል መያዝ እችላለሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይቻልም» ብሎ ምክንያቱን በትዕግሥት ካስረዳ፣ እኔ ለዚህ መልስ ከብዙ ምስክር ወረቀት የበለጠ ዋጋ እሰጠዋለሁ።

«ወደ ዱር ይመለሳል» የሚለውን ቃል ሳይመረምሩ መቀበል

በሰው እጅ በጡጦ ያደገ አንበሳ ሰውን አይፈራም፤ ሰውን የማይፈራ አንበሳ ደግሞ ሲርበው የሚያመራው ሰው ወዳለበት፣ ከብት ወደታጎረበት በረት ነው። አደን የሚማርበት መንጋም የለውም። የአቦ ሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል የሚቆየው ማሳደድን፣ መጣልንና ማነቅን በየደረጃው ለመማር ነውና፣ ይህ ትምህርት ገና ሳይጀመር የተነጠቀ ግልገል ከዚያ በኋላ ለማስተማር የሚደረገው ጥረት ብዙ ጊዜ አይሳካም። ከእናቱ ጋር ብዙ ወራት ቆይቶ የተያዘ ግን፣ ከሰው ርቆ በሰፊ አጥር ውስጥ ከተጠበቀ፣ ዱሩን ተመልሶ ሊለምድ የሚችልበት ዕድል አለ። በናሚቢያ የተለቀቁ አቦ ሸማኔዎች ታሪክ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው።

ይህ ጉዳይ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል። ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከአጎራባች አካባቢዎች የሚሰረቁ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ የባሕር ዳርቻ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲወሰዱ ኖረዋል፤ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ይሞታሉ። በሶማሌላንድ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች እጅ የተያዙት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በናሚቢያ የሚገኘው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት በሐርጌሳ አቅራቢያ ጌድ ዴብሌ በተባለው ስፍራ ባቋቋመው ማዕከል ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጥርሳቸውን እንኳ ሳይጨርሱ የተነጠቁ በመሆናቸው ዕድሜ ልክ የሰው እንክብካቤ ያሻቸዋል። በአገራችንም ከአዲስ አበባ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሆለታ አቅራቢያ፣ ቦርን ፍሪ የተሰኘው ድርጅት ያቋቋመው «እንስሳ ኮቴ» መጠለያ ተመሳሳይ ታሪክ ያላቸውን አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች ተቀብሏል። ከእነርሱ መካከል ዶሎ የተባለው አንበሳ ለዓመታት በጠባብ ስፍራ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የኖረ ሲሆን፣ ሲደርሱለት ጎፈሩ ተመልጦ ነበር። ለእንዲህ ያለው እንስሳ የሚቻለው ትልቁ ደግነት ሰፊ ግቢ፣ ጥላ፣ ውኃና ጓደኛ መስጠት ነበር፤ የተሰጠውም ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ መጠለያ «የእኛ አንበሶች ወደ ዱር አይመለሱም» ቢልዎ ሐቁን እየነገረዎ ነው፤ በጡጦ ያሳደግናቸውን ሁሉ እንለቃለን የሚለውን ግን መቼ፣ የት፣ ስንቱን እንደለቀቀ ይጠይቁት።

በሩን ዘግቻለሁ ብሎ ማመን

በማርች 2013 በካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ መጠለያ ውስጥ የ24 ዓመት ተለማማጅ ሠራተኛ የአንበሳውን ግቢ ስታጸዳ ሕይወቷ አለፈ። አንበሳው በትንሹ የመመገቢያ ክፍል ውስጥ መሆን የነበረበት ቢሆንም፣ ያልተዘጋውን በር በመዳፉ ከፍቶ ወጥቶባት ነበር። በዲሴምበር 2018 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና የ22 ዓመት ተለማማጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተች፤ በዚያ ጊዜ በሩ እንዳይገጥም አግዶታል ተብሎ የታመነው የአንበሳው መጫወቻ የነበረ ትልቅ ኳስ ነው። ሁለቱም ወጣቶች እንስሳቱን የሚወዱ ነበሩ። ሁለቱም በገቡበት ሰዓት አንበሳው ተቆልፎበታል የሚል እምነት በግቢው ነበረ።

እነዚህን ሁለት አደጋዎች ከመሄዴ በፊት አንብቤአቸው ነበር። ሆኖም ንባብ እጅን አያስተምርም። በሁለተኛው ሳምንቴ አንድ ማለዳ፣ ሁለት አንበሶችን ወደ መመገቢያው ክፍል አስገብተን ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን የብረት በር ከለቀቅን በኋላ፣ የውኃ ገንዳውን ለማጠብ መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ዋናው በር አመራሁ። ሁላችንም «ታቴ» ብለን የምንጠራቸው አዛውንት ጠባቂ፣ ቃሉ በኦሺዋምቦ ቋንቋ አባት ማለት ነው፣ ክንዴን ያዙኝና አንድም ነገር ሳይናገሩ ወደ ብረቱ በር መለሱኝ። በሩ ወርዶ ነበር። ነገር ግን ከታች፣ በብረቱና በሲሚንቶው መካከል የፍየል ጎድን ተሰንቅሮ፣ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀርቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር አልተገጣጠመም። ከወዲያ በኩል ወንዱ አንበሳ ሥጋውን ትቶ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ክፍተቱን ያሸታል፤ ትንፋሹ የሲሚንቶውን አቧራ ወደ እኛ ይገፋው ነበር። ታቴ አጥንቱን በረጅም ሜንጦ ጎትተው ካስወጡ በኋላ በሩን እንደገና አወረዱት፣ መቀርቀሪያውን አስገቡ፣ ቁልፉን ቆለፉ፣ ቁልፉንም ሦስት ጊዜ ወደ ታች ሳቡት። ከዚያ እኔም እንዲሁ እስካደርግ ቆመው ጠበቁ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ የተማርሁት ሥርዓት የሚከተለው ነው። ወደ ግቢው ከመግባት በፊት እንስሳቱ በዐይን ይቆጠራሉ፤ «ሁለቱም ውስጥ ናቸው» የሚለው የሌላ ሰው ቃል ቆጠራ አይደለም። በሩን አንድ ሰው ይዘጋል፣ ሌላው ሰው በእጁ ስቦ ያረጋግጣል፣ ሁለቱም «ተቆልፏል» ብለው ድምፅ ያሰማሉ። በሁለቱ በሮች መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ሳሉ የኋላው በር ሳይቆለፍ የፊተኛው አይከፈትም። በሥራ መካከል ስልክ ቢጠራ፣ ሰው ቢጣራ ወይም ዝናብ ቢጀምር፣ ተመልሶ ሲመጣ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው ይደገማል እንጂ ካቆሙበት አይቀጠልም። የሚቻኮል ሰው አብሮዎት ከተመደበ ለኃላፊው ማሳወቅ ሐሜት አይደለም።

የእንስሳውን ዝምታ እንደ ወዳጅነት መቁጠር

አንበሳ በሽቦው አጠገብ ጋደም ብሎ ዐይኑን ሲጨፍን የሚያይ ሰው፣ «ለመደኝ» ይላል። አቦ ሸማኔ ደግሞ እንደ ቤት ድመት ስለሚያንኮራፋ ይበልጥ ያሳስታል፤ ከአንበሳና ከነብር በተለየ አያገሳም፣ አካሉም ቀጭን ነው። ነገር ግን ይኸው እንስሳ ምግብ ሲቀርብለት ወይም ሲደናገጥ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ በሁለቱ የፊት እግሮቹ መሬቱን ድም አድርጎ ይመታና እፍ ይላል፤ አውራ ጣት መሰል ጥፍሩም እንደ ሜንጦ የሾለ ነው። ነብር በበኩሉ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊዘል ስለሚችል፣ ነባር ጠባቂዎች ከአንበሳ ይልቅ እሱን ይጠነቀቁታል።

በሽቦው ውስጥ ጣት፣ ልብስ ወይም ገመድ አያስገቡ። በአጥሩ አጠገብ ጫማ ለማሰር አይንበርከኩ፤ ቁመት የሚያጥር ሰው፣ የሚያነክስ ሰው፣ የሚሮጥ ሕፃን የአዳኙን ስሜት ወዲያውኑ ይቀሰቅሳሉ። ጀርባ አይስጡ። ዐይን ለዐይን አፍጥጦ ማየትም አያስፈልግም። እንስሳው ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ወደ አንድ አቅጣጫ ካተኮረ የሚያየው እርስዎን ሊሆን ስለሚችል ቀስ ብለው ከአጥሩ ይራቁ። በአጥሩ ዳር አንዱን መንገድ ሳያቋርጥ የሚመላለስ እንስሳም እርስዎን ናፍቆ አይደለም፤ የጭንቀት ምልክት ነውና ሰዓቱን መዝግበው ለኃላፊው ያስታውቁ።

ሥጋ እስከሆነ ድረስ ይበቃዋል ማለት

የምግብ ክፍሉ የበጎ ፈቃደኛ እውነተኛ የሥራ ቦታ ነው። በአጥር ውስጥ ያለ የደረሰ አንበሳ በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሥጋ የሚመደብለት ሲሆን፣ ብዙ መጠለያዎች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ያስጾሙታል። ይህን የማያውቅ አዲስ በጎ ፈቃደኛ በጾሙ ቀን እንስሳው ሲጮህ አዝኖ ቁራሽ ሲወረውርለት አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የሚታየው ቆይቶ ነው፣ በሚዛን ላይ።

ጥሩ ቀይ ሥጋ ብቻውን ምግብ አይደለም። ከነአጥንቱ ካልተሰጠ ካልሲየም ስለሚጎድል በማደግ ላይ ያለ እንስሳ እግሩ ይጣመማል፣ አጥንቱም በቀላሉ ይሰበራል። ጉበት ከቀረ ደግሞ ቫይታሚን ኤ ይጎድላል። የድመት ወገን የሆኑ እንስሳት ይህን ቫይታሚን ከካሮትና ከአትክልት መሥራት ስለማይችሉ፣ በጉድለቱ የተጎዱ የአንበሳ ደቦሎች የራስ ቅላቸው አጥንት እየወፈረ አንጎላቸውን ይጫነዋል፤ ጭንቅላታቸው ያዘነብላል፣ ሲሄዱም ይንገዳገዳሉ። ጉበት መድኃኒት ነው ተብሎ ሲበዛ ግን አጥንትን ስለሚጎዳ በሐኪሙ ልክ ብቻ ይሰጣል። ልብና ሌላው የሆድ ዕቃ ታውሪን የተባለውን አስፈላጊ ንጥረ ነገር ይሰጣል። የላም ወተት ለደቦል መስጠትም ተቅማጥ ያመጣበታል፤ ተቅማጡም በቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

ስለ ስጦታ ሥጋ አንድ ነገር ልጨምር። የአካባቢው አርቢዎች የሞተ ከብት ወይም ፈረስ ለመጠለያው መለገሳቸው የተለመደና የሚመሰገን ነው። ሆኖም እንስሳው በሽታው ጸንቶበት በሐኪም ፔንቶባርቢታል የተባለውን ገዳይ መድኃኒት ተወግቶ የሞተ ከሆነ፣ መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ስለሚቀር የበላውን አንበሳ ሊያደነዝዝ ወይም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሥጋውን የሚቀበል ሰው «በምን ሞተ? በመጨረሻው ሳምንት ምን መድኃኒት ወሰደ?» ብሎ ሳይጠይቅና መልሱን ሳይጽፍ ቢላዋ ማንሣት የለበትም።

በሽታ ከአንበሳ ወደ ሰው ብቻ የሚተላለፍ መስሎ መታየት

ብዙ ሰው የሚፈራው እንስሳው እንዳያስይዘው ነው። በተቃራኒው መፍራት የሚገባን እኛ ይዘንበት የምንመጣውን ነው። በ1994 በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ዲስቴምፐር የተባለው የውሾች በሽታ ከአንበሶቹ አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም አንድ ሺህ ያህሉን ጨርሷል፤ ምንጩም ከፓርኩ ውጭ በየመንደሩ የሚኖሩ ውሾች እንደሆኑ ይታመናል። በኤፕሪል 2020 በኒው ዮርክ ብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ የታይገሮችና የአንበሶች የኮቪድ ሕመም ተረጋገጠ፤ ያስያዛቸውም የማቆያው ሠራተኛ እንደነበረ ተገምቷል። የወፍ ጉንፋን ደግሞ በጥሬ የዶሮ ሥጋ አማካይነት በ2004 በታይላንድ በርካታ ታይገሮችን ፈጅቷል፤ በ2024 መጨረሻም በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በአንድ መጠለያ 20 የድመት ወገን እንስሳት በዚሁ በሽታ ሞተዋል።

እንግዲህ ጉንፋን የያዘው ሰው «ሥራ አላስቀርም» ብሎ ወደ ምግብ ክፍሉ መግባቱ ትጋት አይደለም። ከመንደር ውሻ ጋር ሲጫወቱ የዋሉበት ጫማ ወደ ግቢው አይገባም፤ በየበሩ ያለው የመድኃኒት ውኃ ተረግጦ ይታለፋል፤ የአንዱ ግቢ መጥረጊያ ለሌላው አይሠራም።

እንስሳውን በስልክ ለዓለም ማሳየት

በደቦል አጠገብ ተነሥቶ የሚለጠፍ ፎቶግራፍ፣ ጽሑፉ የቱን ያህል ስለ ጥበቃ ቢናገር፣ ለሚያየው ሰው የሚያስተላልፈው «እኔም ይኑረኝ» የሚል ምኞት ነው። የአቦ ሸማኔ ግልገል ንግድ የደመቀው በዚሁ መንገድ፣ በቅንጡ መኪና ላይ ተቀምጠው በሚታዩ እንስሳት ሥዕል ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2016 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያሉ አደገኛ እንስሳትን ግለሰቦች እንዳይዙ ከልክላለች፤ አቦ ሸማኔም ከ1975 ጀምሮ ለንግድ ዓላማ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ እንስሳ ነው። በዱር የቀሩት የደረሱ አቦ ሸማኔዎች ከ7 ሺህ ያህል እንደማይበልጡ ሲታሰብ፣ እያንዳንዱ ግልገል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቤቱ የሚሠሩ ወገኖቻችን በአሠሪዎቻቸው ግቢ እንዲህ ያለ ግልገል ሲያዩ ምናልባት የአገራቸው ልጅ መሆኑን ቢያውቁ እወዳለሁ።

ፎቶግራፍ ማንሣት ካስፈለገ በመጠለያው ፈቃድ፣ ሰው ሳይታይበት፣ አጥሩም ሳይደበቅ ይሁን። በዱር ያለ እንስሳ ሥዕል ከሆነ ደግሞ ስልኩ ቦታውን የሚመዘግብበት አገልግሎት ይጥፋ፤ ሕገ ወጥ አዳኝም ሥዕሉን ያያልና።

ከአንበሳው ውጭ ያለውን ሥራ መናቅ

ብዙዎች ከመጡ በኋላ ቅር የሚላቸው ከጊዜያቸው አብዛኛውን አንበሳ በማየት ሳይሆን ፍየል በማሰማራት፣ እሾህ በመመንጠር፣ ሽቦ በመጠገንና ኩስ በመልቀም ማሳለፋቸው ነው። የዚህን ሥራ ትርጉም ለመረዳት የናሚቢያን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1980ዎቹ የአገሪቱ አርቢዎች ከብቶቻቸውንና በጎቻቸውን ለመጠበቅ ሲሉ በሺዎች የሚቆጠሩ አቦ ሸማኔዎችን ገድለዋል ወይም አጥምደው አስወግደዋል። በ1990 የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅቱን የመሠረቱት ዶክተር ሎሪ ማርከር ያገኙት መፍትሔ የተጀመረው ከአርቢው ነው፤ ከ1994 ጀምሮ ካንጋልና አናቶሊያን የተባሉ ከቱርክ የመጡ ትልልቅ የእረኛ ውሾችን አራብተው ለአርቢዎች መስጠት ጀመሩ። ቡችላው ገና በሳምንታት ዕድሜው ከፍየሎቹ ጋር ስለሚያድግ መንጋውን እንደ ቤተሰቡ ይቆጥራል፤ አቦ ሸማኔም ከሚጮኽ ትልቅ ውሻ ጋር ከመጋፈጥ መሸሽን ይመርጣል። አርቢው ፍየሉ ካልተበላበት ጠመንጃ አያነሣም። ቡችላ የሚመግብ፣ የፍየል በረት የሚጠርግ በጎ ፈቃደኛ ዐይቶት ለማያውቀው አቦ ሸማኔ ሕይወት እየሠራ ነው።

ስለ ወረቀት ጉዳይ በአጭሩ፦ በጎብኚ ቪዛ በበጎ ፈቃድ መሥራት በብዙ አገሮች ሕግ መጣስ ስለሚሆን ከኤምባሲው ያረጋግጡ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲገባ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት። የመንጋጋ ቆልፍና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቶችን እንዲሁም ከአደጋ በኋላ በአውሮፕላን ወደ ሆስፒታል ማድረስን የሚጨምር ኢንሹራንስ ሳይዙ አይሂዱ። ሁለት ሳምንት ብቻ ለመቆየት ካሰቡም፣ ሥራውን ሲለምዱ ጊዜው እንደሚያልቅ አስቀድመው ይወቁ።

ያዩትን ሳይጽፉ መሄድ

በጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እንስሳው ይቀራል። ስለዚህ የሚሄደው ሰው ያየው ነገር ለሚተካው ካልተላለፈ እንስሳው በየሦስት ወሩ እንግዳ ይሆናል። ያረጁ የድመት ወገን እንስሳት ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በኩላሊት ሕመም ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ከወትሮው አብዝቶ ውኃ መጠጣት ነው። ይህን ደግሞ በየቀኑ የሚለካ ሰው እንጂ አልፎ አልፎ የሚመለከት አያየውም።

በመጨረሻው ቀኔ ደብተሬን ለታቴ አስረከብሁ። የበላችውን፣ ያስተረፈችውን፣ የኋላ ግራ እግሯን ስትጎትት የታየችባቸውን ሰዓቶች፣ የኩሷን መልክ ሳይቀር ስለ አሮጊቷ አንበሳ በጥንቃቄ ጽፌ ነበር። ታቴ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ገጽ በእርጋታ ገለጡ፤ ከመጨረሻው ሳምንት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን የውኃ መጠን በሚጻፍበት ዓምድ ላይ አሳረፉ። ለሦስት ቀናት ባዶ ነበር፤ በሻንጣዬና በመንገዴ ሐሳብ ተወስጄ አልለካሁም። ምንም አላሉኝም። የመለኪያውን ዘንግ ከግድግዳው አወረዱ፣ ደብተሩን ብብታቸው ሥር አደረጉ፣ መኪናው እየጠበቀኝ ሳለ አብረን ወደ ገንዳው ሄድን፤ ዘንጉንም እኔ እንድይዘው ሰጡኝ።